ለራሷ የሰጠችው ሁለት

መምህር ሲላስ ለሰባተኛ «ለ» ተማሪዎቹ «ዛሬ ማርክ ሰጪዎቹ እናንተ ናችሁ» ያላቸው ዕለት የተነሣው ሳቅ መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ ተሰምቶ ነበር።

«ለራሳችን ቲቸር?» አለ ኸይረዲን ከኋላ ዴስክ ብድግ ብሎ። አባቱ ዲላ ገበያ ዳር ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሱ ደግሞ ክፍሉን ማሳቅ ዋና ሥራው ነው።

«ለራሳችሁ። ከአስር።»

«እና እንዳልነው ይያዛል?»

«እንዳላችሁት ይያዛል።»

«በቃ፣ ዕድሜ ይስጥዎት ቲቸር! እንዲህ ያለ መምህር ከየት ይገኛል!»

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ግንቦት ነበር። ሲላስ ከኮሌጅ ወጥቶ ዲላ ከተማ ዳር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሲመጣ ያገኘው አሠራር አጭር ነበር፤ አንድ የአጋማሽ ፈተና፣ አንድ የማጠቃለያ ፈተና፣ አለቀ። «ተከታታይ ምዘና» የሚለው ቃል ከስብሰባ ባይጠፋም፣ ክፍል ውስጥ ሲገባ ያው ፈተና ተቆራርጦ መሰጠቱ ብቻ ነበር። ይህ ሲላስን አላረካውም። ለልምምድ በወጣበት ትምህርት ቤት፣ በቃል ሲጠይቋት መልሱን ከነምክንያቱ የምታወርድ፣ የፈተና ወረቀት ሲቀርብላት ግን ስሟን እንኳ አሳስታ የምትጽፍ ተማሪ አይቶ ነበር። ያቺን ልጅ አልረሳትም።

ስለዚህ መቶውን ነጥብ በተነው። ሃምሳውን ለማጠቃለያ ፈተና ተወ። የቀረውን ለአጫጭር ፈተና፣ ለደብተር፣ ለቡድን ሥራ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ለጓደኞች ለማስረዳት አከፋፈለው። ልጆቹን ገበያ ልኮ የሙዝና የአቮካዶ ክብደት አስመዘገባቸውና በዚያ ግራፍ አሠራቸው። ከዚህ በፊት እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ልጆች ስለ አቮካዶ ሲሆን ሲከራከሩ ሰማ። ደስ አለው።

ራስን የመመዘኑ ወረቀት መጀመሪያ ሲታሰብ ቁጥር አልነበረበትም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ምን ገባኝ? ምን አልገባኝም? ለምን? ሲላስ ይህንን ይዞ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽብሩ ዘንድ ገባ።

«ጥሩ ነው» አሉ አቶ ሽብሩ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው። «ማርኩስ?»

«ማርክ የለውም። እንዲያስቡበት ብቻ ነው።»

«ማርክ የሌለው ነገር ሮስተር ላይ አይገባም። ሮስተር ላይ የማይገባ ነገር ደግሞ፣ ልጆቹን ታውቃቸዋለህ፣ አይሠሩትም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣስ ምን ልናሳይ ነው? አስር አድርግበት።»

ሲላስ ወጣ፤ ጥቂት አሰበበት፤ አስር አደረገበት። ከዚያም ማርኩን ማን ይስጥ የሚለው መጣ። እሱ ከሰጠ ልጆቹ እሱን ደስ የሚያሰኝ ነገር ይጽፋሉ፤ ራሳቸው ከሰጡ ግን እውነቱን ይናገራሉ ብሎ አመነ። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል፤ መልስ አላገኘለትም።

«አንድ ነገር ቃል እገባላችኋለሁ» አላቸው ያን ዕለት፣ ሳቁ ጋብ ሲል። «የምትጽፉትን ቁጥር አልነካም። አልጨምርም፣ አልቀንስም። እናንተ ግን ሐቁን ጻፉ።»

ወረቀቱን ሲሰበስብ ኸይረዲን የራሱን በሁለት እጁ አቀረበ። «አስራ አንድ ይገባኝ ነበር ቲቸር፤ አንዷን ለትሕትና ብዬ ቀነስኳት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሲላስም ሳቀ።

ማታ ተከራይቶ በሚኖርበት ክፍል ስልሳ ሁለቱን ወረቀት አንድ በአንድ አነበበ። አስር። አስር። ዘጠኝ። አስር። «ሁሉም ገብቶኛል፤ ያልገባኝ የለም፤ ምክንያቱም ቲቸር ጎበዝ ነው።» አስር። እንዲህ እንዲህ እያለ ቅር ቅር እያለው ሳለ አንዲት ከደብተር መሐል የተገነጠለች ወረቀት እጁ ገባች። የአልጣሽ ጴጥሮስ ነበረች፤ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ።

«ፐርሰንት አልገባኝም» ይላል ጽሑፏ። «ቲቸር ገባችሁ ሲል ሁሉም አዎ ስለሚል እኔም አዎ እላለሁ። በቡድን ሥራው ኤልቤቴል ስትሠራ እኔ መስመር አሰመርኩ እንጂ አልሠራሁም። ያልገባኝ መቶው ከየት እንደሚመጣ ነው። ዕቃው ስልሳ ሆኖ ሳለ ለምን መቶ ይባላል? መጠየቅ አፍሬ ነው። አሁን ግን ቤት ውስጥ መቶ የበቆሎ ፍሬ ቆጥሬ፣ ቀጥሎ ስልሳ ቆጥሬ ልሞክረው ነው። ለራሴ ሁለት ሰጥቻለሁ።»

ሲላስ ተነሥቶ ቆመ። ደግሞ አነበባት። ኮሌጅ የተማረው ሁሉ፣ እንቅልፍ አጥቶ ያዘጋጀው ሁሉ፣ በዚች ግማሽ ገጽ ላይ ነበር። ልጅቷ ያልገባትን ብቻ ሳይሆን ያልገባትን ቦታ ለይታ አውቃለች፤ መድኃኒቱንም ራሷ አዝዛለች። ቀይ እስክሪብቶውን አነሣና ግርጌው ላይ «ራስን መመዘን ማለት ይህ ነው። በርቺ!» ብሎ ጻፈ። ወዲያው በዚያው እስክሪብቶ፣ ማርክ መያዣው ላይ ከስሟ ትይዩ 2 ብሎ አስገባ። ሁለቱን ሲጽፍ እጁ ለአፍታ እንኳ አልዘገየም።

በማግስቱ ወረቀቷን ለመምህራኑ አነበበላቸው። አቶ ሽብሩ «ይህማ ለሌሎቹ አርአያ መሆን አለበት» አሉና ቅጂው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። የለጠፈው ሲላስ ራሱ ነው። ስሟን ከላዩ ላይ መሸፈን ትዝ አላለውም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የሰባተኛ «ለ» ኃላፊ መምህርት ሀጅራ ሮስተሩን ዘርግተው፣ ማስመሪያ ይዘው፣ ማርክ ሲደምሩ ሰነበቱ። ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲላስን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ይቺን ልጅ እያት» አሉ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው። «አስር ትምህርት፣ ሁለት ሴሚስተር፣ ከሁለት ሺህ። ለማለፍ ሺህ ያስፈልጋል። ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ነው ያላት። ስድስት ነጥብ ጎደላት። ዘንድሮ ደግሞ ማስጠጋት የለም ተብለናል።»

ሲላስ ስሙን አነበበ። አልጣሽ ጴጥሮስ።

«የአንተ ማርክ ላይ ከአስር ሁለት የሚል አለ። ሌላው ልጅ ሁሉ አስርና ዘጠኝ ሲሆን የሷ ብቻ ሁለት። ተሳስተህ ይሆን ብዬ ነው።»

«አልተሳሳትኩም። ራሷ ናት የሰጠችው።»

«ራሷ?» መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ኸይረዲንም ለራሱ ነው አስር የሰጠው?»

«አዎ።»

«ይገባዋል?»

ሲላስ ዓይኑን ወደ ሮስተሩ መለሰ።

«ሲላስ ልጄ፣ እኔ የምልህን ስማ። አባቷን አውቃቸዋለሁ። ትልቁ ልጃቸው ሁለቴ ደግሞ ነው ያቋረጠው። ከዚያ ወዲህ የደገመ ልጅ አላስተምርም ብለዋል፤ የሚሉትን ደግሞ ያደርጋሉ። ወረቀቱን መለስ ብለህ እየው። ምናልባት ያላየኸው ነገር ይኖራል።»

«እትዬ ሀጅራ፣ ቁጥሩን አልነካም ብዬ ለስልሳ ሁለት ልጅ ቃል ገብቻለሁ። የሷን ከነካሁ የሁሉንም መንካት አለብኝ።»

«እና ንካዋ! ማን ከለከለህ?»

«ታዲያ ፍትሕ የቱ ጋ ነው?»

መምህርት ሀጅራ ትንሽ አዩት። «እኔ ስለ ፍትሕ አልጠየቅኩህም» አሉ። «ስለ ልጅቷ ነው የጠየቅኩህ።»

ሲላስ ማርክ መያዣውን ወስዶ ሌሊቱን አልተኛም ማለት አይቻልም፤ ተኝቷል። ጠዋት ተነሥቶ ድምሩን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ደመረው። ስህተት ፈልጎ ነው። ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር። አላገኘም። ማርክ መያዣውን እንዳለ መለሰላቸው፤ እሳቸውም 49.7 ብለው ጻፉ፣ ቀጥለውም «ደጋሚ»። እሱ ያን ቀን ከባድ ነገር ግን ትክክለኛ ነገር እንዳደረገ ሰው ሆኖ ነበር ወደ ቤቱ የሄደው። ከሁሉም ይልቅ በኋላ ያሳፈረው ይህ ነው።

ካርድ የተሰጠው ሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት ነው። ሲላስ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። አልጣሽ ካርዷን ተቀበለች፣ ከፈተች፣ አየች፣ መልሳ አጠፈች። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደሱ መጣች።

«ቲቸር» አለች። እንዲህ ቀርባ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው። «ፐርሰንት እኮ ገብቶኛል።»

«ምን አልሽ?»

«ያኔ ነው ያልገባኝ። ያን ወረቀት ስጽፍ። ከዚያ በበቆሎው ስሠራው ገባኝ። ልነግርዎ ነበር፤ ግን ድጋሚ አልጠየቁንም።»

«ጎበዝ» አለ ሲላስ። ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ ነው። እሷም አንገቷን ነቅንቃ፣ ካርዱን ዝናብ እንዳይነካው ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ በበሩ ወጣች።

ሲላስ ቢሮ ገብቶ የማጠቃለያ ፈተናውን ጥራዝ ፈታ። ያረማቸው ወረቀቶች ናቸው፤ ግን ያኔ ሲያርም ጠቅላላ ነጥብ ነበር የሚያየው። የአልጣሽን አወጣ። በፐርሰንት ላይ አምስት ጥያቄ ነበር። አምስቱንም አግኝታለች። አራተኛው ጥያቄ ዳር ላይ፣ በእርሳስ፣ ትንንሽ ነጥቦች በአስር በአስር ተደርድረው ተሥለው ነበር። የበቆሎ ፍሬ ናቸው። የኸይረዲንን አወጣ። ከአምስቱ አንድ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ በግንቦት «እዚህ ቆሜአለሁ» ብላ ያለችበትን ቦታ አሳየችው፤ በሰኔ ከዚያ አልፋ ሄዳለች፤ እሱ ግን የግንቦቱን ቦታ ሮስተር ላይ ቸነከረው። ራሳቸውን እንዲያዩ ያስተማረበትን ነገር ራሱ የመቅጫ መሣሪያ አደረገው፤ እሱም በአንዷ፣ ሐቁን ጻፉ ሲባል በታዘዘችው ብቻ ላይ።

ጥራዙን እንደያዘ አቶ ሽብሩ ዘንድ ገባ፤ ሁሉንም ነገራቸው። አዳመጡት። ክፉ ሰው አይደሉም።

«ሮስተሩ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ሄዷል» አሉ። «ከተላከ በኋላ የሚስተካከለው የድምር ስህተት ሲኖር ብቻ ነው። የድምር ስህተት አለ?»

«የለም።»

«የእርማት ስህተት?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ስህተት አለ ብዬ ነው ደብዳቤ የምጽፈው?»

ሲላስ ስህተቱን ያውቀዋል። በቅጹ ላይ ግን ለሱ የሚሆን ሣጥን አልነበረም።

በሳምንቱ ባጃጅ ይዞ ከከተማው ወጣ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ወርዶ በእንሰትና በቡና መሐል በምትሄደው ጭቃማ መንገድ የአልጣሽን ቤት እያጠያየቀ ሄደ። አባቷ አቶ ጴጥሮስ እንጨት ይፈልጡ ነበር። መጥረቢያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ጨበጡት፤ በርጩማ አወጡለት።

«ስለ አልጣሽ ነው የመጣሁት» አለ ሲላስ። «ድጋሚ ያስመዝግቡልኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝ?» አሉ አቶ ጴጥሮስ። ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ ነው የሚናገሩት። «መምህር፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን ማንበብ እችላለሁ። ለወላጆች ስብሰባ መጥቼ ሰሌዳው ላይ የልጄን ስም አየሁ። አነበብኩት። አልገባኝም ይላል። ጓደኛዬ ስትሠራ መስመር አሰመርኩ ይላል። ሁለት ይላል።»

«እሱ እኮ ለጥሩ ነው የተለጠፈው። ራሷን ስላወቀች ነው።»

«እሺ። መምህሩ ሁለት ቢሰጣት፣ ለምን ብዬ መጥቼ እጣላ ነበር። የሰጠችው ግን እሷ ናት። ልጄ በራሷ እጅ አላውቅም ብላ ከጻፈች፣ እኔ ታውቃለች ብዬ ከማን ጋር ልከራከር?»

ሲላስ ስለ አምስቱ ጥያቄዎች ነገራቸው፤ ስለ በቆሎው ነገራቸው፤ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ ነገራቸው። አቶ ጴጥሮስ በትዕግሥት ሰሙት።

«ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ያስተካክሉልኛ» አሉ በመጨረሻ።

«አልቻልኩም። ሮስተሩ ሄዷል።»

«እንግዲህ እርስዎ ያልቻሉትን እኔ እንዴት እችላለሁ? ታናናሾቿ ሦስት ናቸው መምህር። ትልቁ ሲደግም ዝም አልኩ፤ ሲደግም ዝም አልኩ፤ ከዚያ ተወው። ያኔ ከእናቷ ጋር ተነጋግረን ወሰንን። ለአንዷ ባፈርሰው ለሌሎቹ ምን እላለሁ?»

ሲላስ ይህንን ንግግር ያውቀዋል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለመምህርት ሀጅራ የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ተሰማው። ተሰናብቶ ወጣ። አልጣሽ ከቤቱ ጀርባ እንሰት ሥር ቆማ እንደነበር ያየው ዞር ሲል ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች።

መስከረም ላይ አልተመዘገበችም። ኅዳር ሲገባ መምህርት ሀጅራ ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ እንዳለች ሰምተው ነገሩት፤ አክስቷ ዘንድ ሆና ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች አሉ። ሲላስ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ይርጋጨፌ ወረደ፣ ከዚያም በሞተር ሳይክል አሪቻ ደረሰ።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቡናው ከፍ ባሉ ረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ እያወሩና እየዘፈኑ፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን ይለቅማሉ። አልጣሽ ከአልጋው ጫፍ ቆማ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ የረዘመች መሰለችው። ስታየው እጇን ከቡናው አነሣች።

«ቲቸር! ለምን መጡ?»

«አንቺን ለማየት።»

አብረዋት የሚለቅሙት ተሣሣቁ። «መምህርሽ ነው? እሱንም ልቀም በሉት!» አለች አንዷ። አልጣሽ አፍራ ፈገግ አለችና ከአልጋው ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

ሲላስ መንገድ ሙሉ ያዘጋጀው ብዙ ነበር፤ ስለ ሮስተሩ፣ ስለ ቃሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት መመዝገብ እንደሚቻል፣ መጽሐፍ እሱ እንደሚያቀርብ። ከሁሉም አስቀድሞ የወጣው ግን «ይቅርታ አድርጊልኝ» የሚለው ነው።

ግራ ገባት። «ለምኑ?»

«ለማርኩ። ለዚያች ሁለት።»

«እሷንማ የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለች። ልታጽናናው ፈልጋ ነው የተናገረችው። «እርስዎ ምንም አላደረጉም። ሌሎቹ አስር ሲሉ እኔ ነኝ ሁለት ያልኩት። ኤልቤቴል ያን ቀን ነግራኝ ነበር፣ አትጃጃይ፣ አስር በይ ብላ። አልሰማኋትም።»

«አልጣሽ፣ አንቺ ነሽ ትክክል የሠራሽው። ከክፍሉ ሁሉ አንቺ ብቻ ነሽ።»

በትሕትና ሰማችው። እንዳላመነችው ግን ከዓይኗ አየ። ትክክል የሠራ ሰው የት እንደሚገኝ፣ ያልሠሩት የት እንዳሉ ሁለቱም ያውቃሉ።

«በሚመጣው ዓመት ተመዝገቢ። ከአባትሽ ጋር እኔ እንደገና እነጋገራለሁ። ሰባተኛን ድጋሚ ብትማሪ አንደኛ ነው የምትወጪው።»

«እንጃ ቲቸር። አባቴ እሺ ካሉ።» እግሯ ሥር ያለውን አፈር በጫማዋ ጫፍ ጫረች። «እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩት?»

«እኔ ነኝ።»

«ያንንም ወረቀት ያስሞላሉ?»

ሲላስ ለመመለስ አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው፤ ልታስደስተው እየፈለገች፣ ትምህርቷን በሚገባ እንዳጠናች ተማሪ።

«አሁን እኮ አውቄዋለሁ። አሁን ቢጠይቁኝ አስር ነው የምለው።»

ከአልጋዎቹ በኩል ስሟ ተጠራ። «መጣሁ!» ብላ መለሰች፤ ለሲላስ እጇን ዘረጋችለት፤ እሱም ጨበጣት። የቡናው ጠረን ያልለቀቃት ትንሽ፣ ሻካራ እጅ ነበረች። ከዚያ ሮጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ አቀርቅራም ከሴቶቹ ጋር መልቀሟን ቀጠለች።